የቲቸር ተሻለች እጅ

ቀጄላን ዓለም ባንክ ሰፈር የሚያውቀው ሁሉ «ፍላሽ» ነው የሚለው። አዲስ የመጣ ጎረቤት ቅጽል ስሙን ሲሰማ ፋይል የሚገለበጥባትን ትንሽ ዕቃ የሚሸጥ ይመስለዋል። በሩን አንኳኩቶ «ባለ ስምንት ጊጋ አለህ?» ያለውም ሰው አለ። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ፍላሽ ድሮ ብሮውዘር ላይ ተጨምሮ ይጫን የነበረ ፕሮግራም ነው። እሱ ካለ ድረ ገጹ ጽሑፍና ፎቶ ብቻ መሆኑ ይቀርና ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ያወጣል፣ ሲነኩት ይመልሳል። ቀጄላ ይህን ሥራ የተማረው ኮልፌ ውስጥ በነበረ አንድ ኢንተርኔት ቤት ነው። ባለቤቱ ደንበኛ ሲጠፋ በነፃ ያስቀምጠው ነበር። ሌላው ሰው ፎቶ ሊልክ ገብቶ ሲወጣ እሱ ጥግ ላይ ተቀምጦ አንዲት ኳስ ስክሪን ላይ እንዴት እንደምትነጥር ኮድ ይጽፋል።

በኋላ ሥራው እንጀራ ሆነለት። ሆቴሉም፣ ቤት ሻጩም፣ አስጎብኚውም የሚንቀሳቀስ ገጽ የሚፈልግበት ጊዜ ነበር። ቀጄላ አንዱን ሳይጨርስ ሌላውን ይጀምራል፣ ቁርሱን ቆሞ ይበላል፣ ታክሲ ውስጥ እንኳ ከመድረሱ በፊት ከመቀመጫው ይነሳል። ከዚያ ሰው ሁሉ ስልክ ያዘ። ስልኩ ፍላሽን አይቀበልም። ደንበኞቹ አንድ በአንድ ገጻቸውን በሌላ አሠሩ፣ እሱም አንድ መሥሪያ ቤት ገብቶ የኮምፒውተር መረብ መጠገን ጀመረ። ከሠራቸው ነገሮች ሁሉ በሕይወት የቀረው አንድ ብቻ ነበር። እሱም ቀራንዮ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት፣ መስማት የተሳናቸው ልጆች በሚማሩበት ክፍል ውስጥ ነው።

የዚያ ክፍል አስተማሪ ቲቸር ተሻለች ናቸው። ልጅ እያሉ ማጅራት ገትር ይዟቸው ከሞት ቢተርፉም መስሚያቸው አልተመለሰም። ከቀጄላ ጋር የተገናኙት በዚያው ኢንተርኔት ቤት ነው። አንድ ቀን ደብዳቤ ሊያትሙ ገብተው ኳሷ ስትነጥር አዩ። ኳሷን ብዙ ጊዜ ተመለከቱና ከቦርሳቸው አንዲት ቀጭን መጽሐፍ አወጡ። የእጅ ፊደል ሥዕሎች ያሉባት ነበረች። ከዚያ ብዕር አንስተው ወረቀት ላይ ጻፉለት።

«መጽሐፉ ላይ እጁ ቆሟል። ፊደሉ ግን አይቆምም።»

ቀጄላ አልገባውም። ቲቸር ተሻለች ቀኝ እጃቸውን ከፍ አድርገው አሳዩት። ለ፣ መ፣ ሰ የየራሳቸው የጣት ቅርጽ አላቸው። ካዕቡና ሣልሱ፣ ራብዑና ሳብዑ የሚለየው ግን እጁ በሚሄድበት አቅጣጫ ነው። መጽሐፉ ይህን በቀስት ምልክት ሊያስረዳ ሞክሯል። ልጆቹ ቀስቱን እያዩ ግራ ይጋባሉ።

«ኳስ የሚያንቀሳቅስ ሰው እጅስ ማንቀሳቀስ ይችላል?» ሲሉ ጻፉ።

አንድ ክረምት ሙሉ አብረው ሠሩ። ቀጄላ እጃቸውን ከፊት፣ ከኋላና ከጎን ፎቶ እያነሳ እያንዳንዱን አንጓ ሣለ። ሲያልቅ ስክሪኑ ላይ አንዲት እጅ ነበረች። ረጃጅም ጣቶች፣ አጭር የተቆረጠ ጥፍር፣ አውራ ጣቷ ሥር ጠባሳ። ልጁ አንድ ፊደል ሲነካ እጇ ትሠራለች። ፍጥነቷን መቀነስ ይቻላል፤ ዞር አድርጎ ከሠሪው ወገን ማየትም ይቻላል። ከሁሉ በላይ ልጆቹ የወደዱት ራሳቸው በማውስ ጣቶቹን እየዘረጉና እያጠፉ ፊደሉን መሥራት መቻላቸውን ነበር። ሲሳካላቸው እጇ አውራ ጣቷን ታነሳለች። ቀጄላም በዚያው ክረምት በምልክት ቋንቋ መናገር ጀመረ። ሰባራ ነው፣ ግን ይግባባል። ያቃተውን በስልክ ይጽፋል፣ እሳቸውም እንዲሁ።

ዓመታት አለፉ። አንድ ቀን ጠዋት ቲቸር ተሻለች ከሚኒባስ ሲወርዱ የተንሸራተተው በር ቀኝ እጃቸውን ያዘው። ቁስሉ ዳነ፣ ሁለቱ ጣቶች ግን፣ የቀለበቱና ትንሿ፣ እንደታጠፉ ቀሩ። ሐኪሙ ጅማቱ ከዚህ በላይ አይዘረጋም አላቸው። ለሌላ ሰው ጉዳቱ ማንኪያ መያዝ መቸገር ነው። ለእሳቸው ግን ግማሹ ፊደል ጠፋ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ክፍል ውስጥ እጃቸው የማይችለውን ሲያስተምሩ ወደ ስክሪኑ ይጠቁማሉ። ያቺ የድሮ እጃቸው ትሠራላቸዋለች።

ፍላሽ እንደሚያበቃ ባለቤቶቹ ያስታወቁት ከዓመታት በፊት ነው። ቀጄላ ዜናውን የሰማ ዕለት ተነስቶ ያን ሥራ ያለ ፕለጊን፣ ማለትም ብሮውዘር ላይ ሌላ ፕሮግራም ሳይጫን፣ በሚሠራ አዲስ መንገድ እንደገና መጻፍ ጀመረ። አጋመሰው። ከዚያ ሌላ የተሻለ መንገድ ወጣ ሲባል ሰምቶ ያንን ትቶ በአዲሱ ጀመረ። ያኛውንም ተወው። ሦስተኛውን ሲጀምር ኮሮና መጣና ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ እሱም እፎይ አለ።

በ2013 ትምህርት በፈረቃ ተከፈተ። ልጆቹም አስተማሪዋም ማስክ አደረጉ። የገና በዓል አልፎ ብዙም ሳይቆይ፣ አንድ የጥር ጠዋት፣ ቀጄላ ሥራ ቦታ ኬብል እየጎተተ ሳለ ስልኩ ነዘረ።

«ቀጄላ፣ እጄ የለችም።»

መልእክቱን ደጋግሞ አነበበው። ፍላሽ የሚዘጋበት ቀን መድረሱን ያውቅ ነበር። አለቃውን አስፈቅዶ ወጣ። ታክሲው ሰው እስኪሞላ መጠበቅ ስላልቻለ የተወሰነ መንገድ በእግሩ ሄደ፣ ከዚያ ሌላ ታክሲ አግኝቶ ቀራንዮ ደረሰ።

ክፍሉ ጣውላ ወለል ያለው አሮጌ ቤት ነው። ልጆቹ ተራርቀው ተቀምጠው ስክሪኑን ያያሉ። እጇ ትታይበት የነበረው ቦታ ግራጫ ሆኗል፣ መሐሉ ላይ አንዲት ትንሽ ክብ ምልክት ብቻ አለች። ከሁሉም ትንሿ ልጅ ርሆቦት ማውሱን ይዛ ምልክቷን ደጋግማ ትጫናለች።

ቀጄላ ወንበር ስቦ ሳይቀመጥ ጎንበስ ብሎ መሥራት ጀመረ። ፕሮግራሙ ውስጥ የማብቂያ ቀን እንደተቀመጠ አንብቧል። ስለዚህ የኮምፒውተሩን ቀን ሁለት ወር ወደ ኋላ መለሰው። ገጹን እንደገና ከፈተ። እጇ ብቅ አለች።

ልጆቹ ሁለት እጃቸውን አንስተው አየር ላይ አንቀጠቀጡ፤ የእነሱ ጭብጨባ ነው። ቲቸር ተሻለች ግን ቀጄላን ነው ያዩት።

«ምን አደረግህ?» አሉት በምልክት።

«ቀኑን ወደ ኋላ መለስኩት። ኮምፒውተሩ ገና ኅዳር ላይ ያለ መስሎታል።»

ከማስካቸው በላይ ዓይናቸው ሳቀ። የታጠፉትን ሁለት ጣቶች አነሱና ወደ እሱ ዘረጉ።

«ለእኔም መልስልኝ።»

ቀጄላ አብሮ ሊስቅ ሞከረ። ከዚያ ሥራ አለብኝ ብሎ ቶሎ ወጣ።

ማታለያው ብዙ አልቆየም። ቀኑ የተዛባ ኮምፒውተር ሌሎቹን ድረ ገጾች መክፈት አቃተው፤ ሁሉም ግንኙነቱ አያስተማምንም እያሉ በር ይዘጉበታል። ምክትል ርእሰ መምህሩ አቶ ገረሱ በዚያው ኮምፒውተር ለክፍለ ከተማው ሪፖርት መላክ ነበረባቸውና ቀኑን አስተካከሉት። እጇ ጠፋች። ቲቸር ተሻለች ወደ ኋላ መለሱት። አቶ ገረሱ እንደገና አስተካከሉት። እንዲህ ሲጎተት ቆይቶ አንድ ቀን ብሮውዘሩ ራሱን አደሰና ፕለጊኑን ከነጭራሹ አውጥቶ ጣለው። ከዚያ በኋላ ቀኑን የትም ቢመልሱት እጇ አልመጣችም።

ቲቸር ተሻለች ይህን ጽፈው ሲልኩለት ቀጄላ «እሺ፣ አያለሁ» ብሎ መለሰ። አላየም። ላፕቶፑን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ሦስቱን የተጀመሩ ሥራዎች ተራ በተራ ከፍቶ ሦስቱም ውስጥ የሌላ ሰው ኮድ የሚያነብ ይመስለዋል። እሑድ ዕለት ባለቤቱ ጸሎት በረንዳ ላይ ልብስ እያሰጣች ሳለ እሱ ከሳሎን በረንዳ፣ ከበረንዳ ሳሎን ሲመላለስ ቆየ።

«ምን ጠፋብህ?» አለችው።

«ምንም።»

«ታዲያ ምን እየፈለግክ ነው?»

ቆመ። የበረንዳውን ብረት ተደግፎ ታች የሚያልፈውን ሚኒባስ አየ።

«የቲቸር ተሻለችን ሥራ ነው» አለ። «በየትኛው ልሥራው እያልኩ ነው። ዛሬ ጥሩ የተባለው ነገ ይጣላል። ያን ያህል ለፍቼ ይኸው ሞተ። አሁን የምሠራውም ይሞታል።»

«መቼ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? አምስት ዓመት፣ አሥር ዓመት።»

ጸሎት የልብስ መቆንጠጫ ከአፏ አወጣች።

«አሥር ዓመት ከቆየ ያቺ የነገርከኝ ርሆቦት ትምህርቷን ትጨርሳለች አይደል እንዴ?» አለች። «ከሷ በኋላ ያለውን ያኔ ታስብበታለህ። አሁን ካልሲህን አቀብለኝ።»

ካልሲውን አቀበላት። ትንሽ ቆይቶ ስልኩ ነዘረ። ቲቸር ተሻለች ናቸው።

«አንድ ነገር ላሳይህ። ነገ ና።»

በማግሥቱ ሲደርስ ክፍሉ ውስጥ ትምህርት ላይ ነበሩ። ቲቸር ተሻለች በር ላይ አስቁመው ርሆቦትን ጠሯት። ስምሽን ጻፊ አሏት። ልጅቷ ቀኝ እጇን አንስታ ፊደል በፊደል ስሟን አየር ላይ ሠራች። ፈጣን ነበረች። ቀጄላ ፈገግ ሊል ሲል ጣቶቿን አየ። የቀለበት ጣቷና ትንሿ ጣቷ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ታጥፈው ነበር።

ሌላ ልጅ ጠሩ። እሱም ሁለቱን ጣቶች አጠፈ። ሦስተኛዋም እንዲሁ። ጣታቸው ጤነኛ ነው፣ ዘርጉ ሲባሉ ይዘረጋሉ። ግን ያቺ እጅ ከስክሪኑ ከጠፋች በኋላ የሚያዩት የአስተማሪያቸውን እጅ ብቻ ስለሆነ ያዩትን ወሰዱ።

ቲቸር ተሻለች ልጆቹን አስቀምጠው ቀጄላን ወደ ውጭ ይዘውት ወጡ። ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር ቆመው ማስካቸውን አወረዱ። 

«በር የያዘው የኔን እጅ ነው» አሉ። «የእነሱን አልያዘም። እዚህ ግቢ ውስጥ እንግባባለን። ነገ ሌላ ቦታ ሄደው ስማቸውን ሲጽፉ ማን ያነብላቸዋል?»

ቀጄላ በምልክት «ይቅርታ» ሊል እጁን አነሳና መሐል ላይ አወረደው። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ጻፈ። «ከዛሬ ጀምሮ እዚህ መጥቼ ነው የምሠራው። ቤት ስሆን እሸሻለሁ።»

ከሥራ ሲወጣ በቀጥታ ቀራንዮ መሄድ ጀመረ። ከሰዓት ፈረቃው ሳያልቅ ይደርስና ኋላ ወንበር ላይ ላፕቶፑን ይከፍታል። የመጀመሪያ ሐሳቡ የድሮዋን እጅ ማዳን ነበር። ፍላሽን የሚያስመስል አንድ ነፃ ፕሮግራም ሞከረ፤ ገጹ ተከፈተ፣ እጇ ግን ሳትንቀሳቀስ ቀረች። ስለዚህ የታሸገውን ፋይል ፈታትቶ ሥዕሎቹን አወጣ። አንጓዎቹ ተበታትነው ወጡ፤ እዚህ አውራ ጣት፣ እዚያ መዳፍ፣ ስማቸውን ያጡ ጥፍሮች። ከፎቶዎቹ ጋር እያስተያየ አንድ በአንድ ገጣጠማቸው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ያች እጅ ያለ ምንም ፕለጊን ስልኩ ላይ «ሀ»ን ሠራች።

ልጆቹ ሄደው ነበር። ቲቸር ተሻለች ሰሌዳ እያጠፉ ሳለ ሮጦ ሄዶ ስልኩን ሰጣቸው። ተቀበሉት። እጇን ዞር አድርገው አዩ። በግራ እጃቸው ሌባ ጣት ጠባሳዋን ነኩ።

«ትመስላለች» አሉ።

«እርስዎ ነዎት እኮ።»

አይደለሁም እንደማለት ራሳቸውን ነቀነቁ። ስልኩን ዴስክ ላይ አስቀምጠው ሁለት እጃቸውን ነፃ አደረጉ።

«ስማኝ። ይህ ማስክ ከመጣ ጀምሮ ልጆቹ ጥያቄ ልጠይቃቸው ይሁን ልቆጣቸው አያውቁም። እጄን ያያሉ፣ ፊቴን አያዩም። ፊት የሌለው እጅ ግማሽ ንግግር ነው። ይቺም ፊት የላትም። ያኔ አላሰብኩበትም። አሁን አውቃለሁ።»

ቀጄላ ስንት ቀን እንደገጣጠማት ሊነግራቸው ፈለገ።  ክፍሉን ከጫፍ ጫፍ ሄደበት፣ ተመለሰ።

«እና ፊት ያለው ከየት አመጣለሁ? ልሥል?»

«አትሥል። ሰው ቅረጽ።»

«እርስዎን?»

ቀኝ እጃቸውን አዩና ወደ ጎን አወረዱት።

«ሳያትን ጥራ» አሉ።

ሳያት ያቺ እጅ መጀመሪያ ካስተማረቻቸው ልጆች አንዷ ናት። አሁን ጦር ኃይሎች አካባቢ ኬክ ቤት ውስጥ ኬክ ላይ ስም የምትጽፍ ወጣት ሆናለች። ጸጉሯን አጭር ተቆርጣ፣ የጃኬቷን እጅጌ ክሬም እንደነካው መጣች። ምልክቷ ፈጣን ስለሆነ ቀጄላ ከሦስት ቃል አንዱን ነው የሚይዘው። ሥራው ሲነገራት ብዙ አልጠየቀችም። አንድ ነገር ብቻ አለች፤ የምትቀረጸው ቲቸር ተሻለች አጠገቧ ቆመው የሚያርሟት ከሆነ ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ግድግዳው ላይ አረንጓዴ ብርድ ልብስ እየሰቀሉ ቀረጹ። ቀጄላ ስልኩን መቆሚያ ላይ ያስራል፣ መስኮቱን ይከፍታል፣ ብርሃኑ በዛ ብሎ ይዘጋዋል፣ እንደገና ይከፍታል። ሁለቱ ሴቶች ትተውት ይሠራሉ። ፊደሎቹ ያለ ብዙ ጣጣ አለቁ። ቃላቱ ላይ ሲደርሱ ግን ጠብ ተነሳ።

የተነሳው «ስልክ» በሚለው ቃል ነው። ሳያት መዳፏን ዘርግታ በሌላው እጇ ጣት ላዩን እየዳሰሰች ሠራችው። ቲቸር ተሻለች ወለሉን በእግራቸው መቱ። ጣውላው ሲናጥ ሳያት ቀና አለች።

«ስህተት ነው» አሉ ቲቸር ተሻለች።

«እኛ እንዲህ ነው የምንለው።»

«እናንተ እነማን ናችሁ?»

«ጓደኞቼ። ሁላችንም። እርስዎ ያስተማሩን እጀታ ያለው ስልክ ነው። እነዚህ ልጆች እጀታ ያለው ስልክ አይተው አያውቁም።»

«ባያዩም ይማሩታል። እኔ ያልኖርኩበትን ስንቱን ተምሬያለሁ።»

ሳያት ዴስኩን መታች። ቲቸር ተሻለች ወለሉን መቱ። ቀጄላ መሐል ቆሞ ፊቱን አንዴ ወደዚህ፣ አንዴ ወደዚያ ያዞራል። ክፍሉ ውስጥ ከእግርና ከጣውላ ድምፅ በቀር ምንም አይሰማም፤ ግን እንዲህ ያለ ጩኸት በሕይወቱ አላየም። በመጨረሻ ቲቸር ተሻለች «እንዲህ ነው» ለማለት ቀኝ እጃቸውን ወደ ጆሯቸው አነሱ። አውራ ጣታቸው ተዘረጋ። ትንሿ ጣት አልተዘረጋችም። በግራ እጃቸው ይዘው ሊያቀኗት ሞከሩ። ስትለቀቅ ተመልሳ ታጠፈች።

ሳያት እጆቿን አወረደች። ሄዳ ከፊታቸው ቆመችና አውራ ጣቷንና ትንሿን ጣቷን ዘርግታ ወደ ጆሮዋ አነሳች። እንደዚያ ይዛ ጠበቀች። ቲቸር ተሻለች ክርኗን ትንሽ ከፍ አደረጉላት፣ አንገቷን ቀና አደረጉላት። ከዚያ ወደ ቀጄላ ዞሩ።

«ቅረጽ። ከዚያ የሷንም ቅረጽ።»

ሥራው ያለቀው ትምህርት ሊዘጋ ሲል ነው። ልጁ ፊደሉን ወይም ቃሉን ሲነካ ሳያት ከነፊቷ ትመጣለች። ትገረማለች፣ ትጠይቃለች፣ ትቆጣለች። ማዘግየትም ማቆምም ይቻላል። ከሁሉም ደግሞ በማንኛውም ስልክ ስለሚከፈት ልጆቹ ቤታቸው ወስደው ለእናትና ለአባታቸው ማሳየት ቻሉ። ቀጄላ ሦስቱን የተጀመሩ ሥራዎች ትቶ አራተኛውን፣ ከሁሉም ቀላሉንና ጌጥ የሌለውን መንገድ ነበር የመረጠው።

ክፍል ውስጥ በተከፈተበት ቀን ሳያት ከሥራዋ አስፈቅዳ መጣች፤ አቶ ገረሱም በር ላይ ቆሙ። ርሆቦት ከስክሪኑ ፊት ቆማ ስሟን ሠራች። መዘርጋት ያለባቸው ጣቶቿ ሁሉ ቀጥ ብለው ተዘርግተዋል። ከዚያ ወደ አስተማሪዋ ዞራ «አዩኝ?» እንደማለት ያንኑ ስም ደገመች። ሁለቱ ጣቶች ታጠፉ።

ቲቸር ተሻለች ተቆጡ። ሄደው የልጅቷን ጣቶች በእጃቸው አቀኑ። ርሆቦት ግራ ተጋብታ አየቻቸው። ወደ ሳያት ዞረች፣ ስሟን ሠራች፤ ጣቶቿ ቀጥ አሉ። ወደ ቲቸር ዞረች፤ ጣቶቿ ታጠፉ። ሌሎቹም ልጆች ተከትለው እንደዚያው ያደርጉ ጀመር። ወደ ሳያት ቀጥ፣ ወደ እሳቸው እጥፍ። አንዱም አልተሳሳተም።

«ለምን እንዲህ ያደርጋሉ?» አሉ ቲቸር ተሻለች። «አሁን ትክክሉን ያውቁታል።»

ሳያት ልጆቹን ትንሽ ስታይ ቆይታ ፊቷ ቀስ እያለ በራ።

«ቲቸር፣ አንቱ እያሉዎት ነው» አለች።

ቲቸር ተሻለች ወደ መስኮቱ ሄደው ጀርባቸውን ሰጥተው ቆሙ። ማስካቸው ጠርዝ ላይ ሲረጥብ ቀጄላ አየ። ልጆቹ እሳቸው እስኪዞሩ ድረስ እጃቸውን ዴስክ ላይ አድርገው ጠበቁ። ሲዞሩ ትምህርቱን ካቆሙበት ቀጠሉ፣ ስለ ጣቶቹም ሌላ ቃል አልተናገሩም። ቀጄላ ግን ከዚያ በኋላ ባያቸው ጊዜ ሁሉ የተጎዳችውን እጃቸውን ሲደብቁ አላገኛቸውም።

በዚያ ሳምንት ሳያት ለቀጄላ ጻፈችለት። «ምልክትህ ያስቃል። ልጆቹ እያስመሰሉህ ይጫወታሉ። ቅዳሜ ና፣ ከእነሱ ጋር ተማር።» ሥራ አለብኝ ብሎ ሊመልስ ጀመረና አጠፋው። ጸሎትን ጠየቃት። «እየሳቁብህ ከሆነማ እኔም እመጣለሁ» አለችው።

ቅዳሜ ሁለቱም ሄዱ። ቀጄላ ለልጅ በተሠራ ወንበር ላይ ጉልበቱ ደረቱን ሊነካ ጥቂት ቀርቶት ከርሆቦት አጠገብ ተቀመጠ። ቲቸር ተሻለች ሰሌዳው አጠገብ ቆመው የቤተሰብ ቃላት ያስተምራሉ። ለመከታተል ሞከረ። አንዱ ቃል አመለጠው፣ ከዚያ ሁለተኛው። ሐሳቡ ወደ ኮዱ ሄደ፤ ቪዲዮዎቹ የተቀመጡበት ቦታ ቢዘጋስ፣ ቀጣዩ ብሮውዘር ባይቀበላቸውስ። ሳያውቀው ቀኝ እግሩ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

ከፊት የተቀመጡት ልጆች አንድ በአንድ ወደ ኋላ ዞሩ። ቲቸር ተሻለችም እጃቸውን አቆሙ። ቀጄላ ምን እንደሆነ አልገባውም፣ ዙሪያውን አየ። ጸሎት ከጥግ ሆና አፏን ይዛ ትስቃለች።

ርሆቦት መዳፏን ጉልበቱ ላይ አሳረፈች፣ እግሩ እስኪቆም ድረስም ጫን አለችው። ከዚያ ወለሉን አሳየችው፣ እግሯን አሳየችው።

«ትጮሃለህ» አለችው። «ትምህርቱ አልሰማ አለን።»

«ይቅርታ» አለ ቀጄላ በምልክት። ልጅቷ እጁን ይዛ አውራ ጣቱን አስተካከለችለትና እንደገና አሰኘችው። እንደገና «ይቅርታ» አለ። መዳፏን ከጉልበቱ ላይ ሳታነሳ ወደ ሰሌዳው ዞረች።